«እንዳለ ነው» ብሎ መሸጥ ይበቃልን? በከፊል የታደሰ አሮጌ የእንጨት ማሽን ሽያጭ በፊቅህ ዕይታ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

አሮጌ ማሽን ገዝቶ፣ ጠግኖ መሸጥ በመርካቶ የብዙ ወንድሞቻችን የሪዝቅ በር ነው። የተዘጋ የእንጨት ሥራ ቤት ዕቃውን ሲያወጣ ወይም አንድ ድርጅት ያረጀ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ፣ ዕቃው ዞሮ ዞሮ ወደ አዲስ ከተማ ይመጣል። ምን አለሽ ተራና አካባቢው ሌላው የጣለውን ብረት እንደገና ለሥራ የሚያበቁ እጆች ያሉበት ሰፈር ነው። ሥራው በራሱ የሚመሰገን ነው፤ ንብረት ከብክነት ይድናል፣ አዲስ ማሽን የመግዛት አቅም የሌለው ወጣትም በዚሁ ሥራ ይጀምራል።

ችግሩ የሚመጣው ጥገናው ሳያልቅ ገንዘቡ ሲያልቅ ነው። ሻጩ ግማሹን አድሷል፣ ግማሹ ቀርቷል፣ ገዢ ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል። ምን ያህሉን መናገር ይኖርበታል? «እንዳለ ነው የምሸጠው፣ አይተህ ግዛ» ቢል ከተጠያቂነት ይድናል? «ቀሪውን እኔ እጨርስልሃለሁ» ቢልስ ውሉ ይጸናል? እነዚህ ጥያቄዎች በገበያችን በየዕለቱ የሚነሱ ናቸው። የፊቅህ መጻሕፍት ስለ ኤሌክትሪክ ማሽን ባይናገሩም፣ ስለ ግመል ኮቴ፣ ስለ በግ ጡትና ስለ ወፍጮ ውሃ የተናገሩት ነገር ለዚህ ጉዳይ በቂ ብርሃን ይሰጣል።

ዕቃውን እንወቀው

ለምሳሌ ያህል አንድ የእንጨት መላጊያ ማሽን እንውሰድ። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ከባድ የብረት አካል አለው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። ሻጩ ኩሽኔታዎቹን ለውጧል፣ አዲስ ቺንጋ ገጥሟል፣ ዝገቱን አራግፎ ቀለም ቀብቶታል። ያልተሠራ ወይም በደንብ ያልተሠራ ደግሞ አለ። የጠረጴዛው አንድ ጥግ ተሰንጥቆ ተበይዷል። ሞተሩ ከዚህ ቀደም ተቃጥሎ ሽቦው እንደገና ተጠቅልሏል። የከፍታ ማስተካከያው ጥርስ ተበልቷል። በላማዎቹ ላይ የሚደረገው መከለያም የለም።

ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን እያልን የምንጠራቸው ስሞች ራሳቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያኖች የሀገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስተው ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ የብረትና የማሽን ሙያ በሰፈራችን ከእነቃላቱ ተተክሎ ቀርቷል። አሮጌ ማሽን የሚፈለገውም በከንቱ አይደለም። ከባዱ የብረት አካሉ ንዝረትን ይውጣል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው።

ሆኖም ከላይ የዘረዘርናቸው አራት ነገሮች እኩል አይደሉም። በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ተሰባሪ ስለሆነ ብየዳን በቀላሉ አይቀበልም፤ በሥርዓት ሞቆ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ከብየዳው ጎን ሌላ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። እንደገና የተጠቀለለ ሞተር ሥራው በአግባቡ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል፤ በግዴለሽነት ከተሠራ ግን ጭነት ሲበዛበት ይግላል። የማስተካከያው ጥርስ መበላት ሥራን ያበላሻል እንጂ ሰውን አይጎዳም። የመከለያው አለመኖር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ላማዎቹ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚዞሩ በመሆናቸው፣ አንድ እንጨት ሸርተት ቢል ጣት ከመሰብሰቡ በፊት ሁሉም ነገር ያልቃል። እንዲህ ያለውን ማሽን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ብድር ወስዶ የወንበርና የቁም ሳጥን ሥራ የሚጀምር ወጣት ነው። ማሽኑ ላይ የሚቆመውም እሱ ወይም የቀጠረው ልጅ ነው።

ዐይብ የሚባለው የቱ ነው?

«ማሽኑ አሮጌ ነው፤ አሮጌ ነገር ደግሞ ጉድለት አያጣም» የሚል ሰው ከፊሉ እውነት አለው። በሀገራችን ደረሳዎች በስፋት በሚቀሩት «ሚንሃጅ አጥ-ጣሊቢን» በተሰኘው ኪታብ፣ በ676 ዓመተ ሂጅራ ወደ አኼራ የሄዱት ኢማም አን-ነወዊ (ረሒመሁላህ) ለዐይብ መለኪያ አስቀምጠዋል። በአጭሩ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ አንደኛ፣ ጉድለቱ የዕቃውን አካል ወይም ዋጋ የሚቀንስና ትክክለኛ ዓላማን የሚያሳጣ መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ በዚያ ዓይነት ዕቃ ላይ በተለምዶ የማይገኝ መሆኑ።

ሁለተኛው ነጥብ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ትልቅ እፎይታ ነው። የቀለም መገርጣት፣ የጠረጴዛው ፊት ላይ ያሉ ጥቃቅን ጭረቶች፣ የመጀመሪያው ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር፤ እነዚህ ሃምሳ ዓመት በሠራ ማሽን ላይ የሚጠበቁ ስለሆኑ ዕቃውን ለመመለስ የሚያበቁ ዐይቦች አይሆኑም። የተሰነጠቀ ጠረጴዛ ግን በአሮጌም ቢሆን የሚጠበቅ አይደለም፤ ዋጋውንም ይቀንሳል፣ ዓላማውንም ያሳጣል። ስለዚህ ዐይብ ነው።

ሞተሩስ? እዚህ ላይ ዳኛው የሙያው ልማድ ነው። ዕቃው ዐይብ ነው አይደለም የሚል ክርክር ሲነሳ ፉቀሃእ ወደ ሙያው አዋቂዎች ይመራሉ። በአሮጌ ማሽን ገበያ የተጠቀለለ ሞተር የተለመደ ነው ብለው ከመሰከሩ፣ መጠቅለሉ ብቻውን እንደ ዐይብ ላይቆጠር ይችላል። ሆኖም ገዢው «ሞተሩ የፋብሪካ ነው?» ብሎ ከጠየቀ በሐሰት መመለስ በማንኛውም ሁኔታ አይፈቀድም። ሲሠራ የሚግል ከሆነም ዐይቡ መጠቅለሉ ሳይሆን መጋሉ ነው፤ ይህም ይነገራል።

ጉድለትን የመናገር ግዴታ ከየት መጣ? ዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲሥ፣ ሙስሊም ለሙስሊም ወንድሙ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ጉድለቱን ሳያሳውቅ መሸጥ እንደማይፈቀድለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት አገኙ። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይ ከእርሳቸው አለመሆኑንም አስጠነቀቁ። ነጋዴው በዝናቡ አልተወቀሰም። የተወቀሰው እርጥቡ ከታች፣ ደረቁ ከላይ በመሆኑ ነው። ለማሽን ሻጭም እንዲሁ ነው፦ ማሽኑ መሰንጠቁ ጥፋቱ አይደለም፤ ስንጥቁን ከቀለም ሥር ማድረጉ ግን ጥፋቱ ነው።

ገዢው ሙስሊም ባይሆንስ? መርካቶ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን የሚነግድበት ገበያ ነው። ማታለል ሐራም የሆነው በድርጊቱ ምክንያት ስለሆነ የገዢው ሃይማኖት ፍርዱን አይለውጠውም። ቁርኣን በሱረቱል ሙጠፊፊን መጀመሪያ ላይ ሰፍሮ ሲሸጥ የሚያጎድለውን ሲያስጠነቅቅ «ሰዎች» የሚለውን ጥቅል ቃል ነው የተጠቀመው።

የተገደበው የወፍጮ ውሃ

መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ ሳይዋሹ ማሳሳት ደግሞ ሌላ። በፊቅህ ተድሊስ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። መሠረቱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የ«ሙሰራት» ሐዲሥ ነው። ሻጩ ግመሏን ወይም በጓን ለቀናት ሳያልብ ይተዋታል፤ ጡቷ ሞልቶ የሚያይ ገዢ ወተታም ናት ብሎ ይገዛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከልክለው ለገዢው የመመለስ ምርጫ ሰጥተውታል።

ኢማም አን-ነወዊ ከዚሁ ጋር አያይዘው ለእኛ ጉዳይ እጅግ የቀረበ ምሳሌ ይጠቅሳሉ፦ የወፍጮ ውሃ። በዚያ ዘመን ወፍጮ በውሃ ኃይል ይሠራ ነበር። ሻጩ ውሃውን ገድቦ ያጠራቅምና ገዢው ሲመጣ ይለቀዋል፤ ወፍጮው በኃይል ይዞራል። ገዢው ሁልጊዜ እንዲህ የሚፈጭ መስሎት ይገዛል። ይህ ለገዢው ኺያር፣ ማለትም ውሉን የማፍረስ ምርጫ፣ ይሰጠዋል።

የዛሬው «የተገደበ ውሃ» ብዙ መልክ አለው። የተበላ ጥርስ እንዳይጮህ ወፍራም ግራሶ መሙላት። የተበየደውን ቦታ በስቱኮ ደልድሎ ቀለም መቀባት። እንጨት ሳያስገቡ ማሽኑን ባዶውን አስነስቶ «ድምፁን ስማ» ማለት፤ ባዶውን ሲዞር የማይግል ሞተር ጠንካራ እንጨት ሲገባበት ሊግል ይችላልና። የታዋቂ ፋብሪካ የስም ሰሌዳ ከሌላ ማሽን ፈትቶ መለጠፍ። በእነዚህ ሁሉ ሻጩ አንድም የሐሰት ቃል ላይናገር ይችላል፤ ሥራው ግን ከአንደበቱ ቀድሞ ዋሽቷል።

ታዲያ ቀለም መቀባት ሁሉ ተድሊስ ነው? አይደለም። ዝገትን አራግፎ ብረቱን ከእርጥበት ለመጠበቅ የተቀባ ቀለም ጥገና ነው። ልዩነቱ ከቀለሙ ሥር ባለው ነገር ላይ ነው። አንድ ቀላል ብልሃት አለ፦ የተበየደውን ቦታ ሳይቀቡ መተው፣ ከተቀባም ገዢውን ወስዶ በጣት ማሳየት።

«ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ?»

ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ«ኢሕያእ ዑሉሚ-ድ-ዲን» የንግድ ሥነ ምግባርን ባብራሩበት ክፍል የሰሓባውን የዋሢላ ኢብኑል-አስቀዕን (ረ.ዐ) ታሪክ ያነሳሉ። አንድ ሰው ግመሉን በ300 ዲርሃም ሸጠ። ዋሢላ በቦታው ነበሩ፤ ልብ ሳይሉ ገዢው ግመሏን ይዞ ሄደ። ከዚያ ተከትለው እየሮጡ ጠሩትና ግመሏን የገዛው ለሥጋ ይሁን ለጉዞ ጠየቁት። ለጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው፣ ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ ማየታቸውንና ጉዞ ማዝለቅ እንደማትችል ነገሩት። ሰውየው ተመለሰ፤ ሻጩም 100 ዲርሃም ቀነሰለት። ሻጩ «ሽያጬን አበላሸህብኝ» በሚል ስሜት ሲወቅሳቸው፣ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸውን መለሱለት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ጉድለት ከዓላማ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። የኮቴ ቀዳዳ ለሚያርድ ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚጓዝ ሰው ግን ሁሉም ነገር ነው። ማሽን ሻጭም «ለምን ሥራ ትፈልገዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ለመለዋወጫ ብሎ ሊፈታው፣ ብረቱን ሊያቀልጠው ወይም እሱ ራሱ ባለሙያ ሆኖ አድሶ ሊጨርሰው ለሚገዛ ሰው የጠረጴዛው ስንጥቅ ትርጉሙ ትንሽ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ሊጀምርበት ለሚገዛ ሰው ግን ያው የግመሏ ኮቴ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለደላሎችና ለጎረቤት ሱቆች ነው። ዋሢላ ሻጭም ገዢም አልነበሩም። ጉድለቱን ያወቀ ሦስተኛ ሰው ዝም ማለት እንደማይገባው በተግባር አሳይተዋል። ደላላ ደግሞ ከተመልካች በላይ ነው፤ በሽያጩ ይጠቀማል። ድካሙ ዋጋ አለው፤ ኮሚሽኑም አስቀድሞ ከታወቀ ሐላል ነው። ጉድለቱን እያወቀ ገዢውን ካቻኮለ ግን የማታለሉ ተካፋይ ነው። «ትናንት አንድ ሰው ከዚህ በላይ ሰጥቶበታል» የሚለው የፈጠራ ወሬና የመግዛት ሐሳብ የሌለው ሰው አስመስሎ ዋጋ ማናሩ ደግሞ «ነጅሽ» ይባላል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ በግልጽ ተከልክሏል።

«እንዳለ ነው» ምን ያህል ይሸከማል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ሻጩ «ከማንኛውም ጉድለት ነጻ ነኝ፣ እንዳለ ነው» ብሎ ቢሸጥ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ጠንካራው አቋም፣ እንዲህ ያለው ቅድመ ሁኔታ ሻጩን ነጻ የሚያደርገው በእንስሳ ላይ ባለና ራሱ ባላወቀው ስውር ጉድለት ብቻ ነው። እንስሳ ሕመሙን ደብቆ ስለሚኖር ችግሩ ታየለት፤ ዕቃ ግን ሊመረመር ይችላል። ስለዚህ በማሽን ላይ «እንዳለ ነው» ማለት በዚህ መዝሀብ ሻጩን አያድነውም። በሐነፊይ መዝሀብ ጥቅል የሆነው የነጻነት ቃል ተቀባይነት አለው። ከሐንበሊይ ዑለማእ መካከል ኢብኑ ተይሚያና ሌሎችም፣ ሻጩ ጉድለቱን ካላወቀ ነጻ ይሆናል፣ አውቆ ከደበቀ ግን አይሆንም የሚለውን መርጠዋል።

ልዩነቱ ውሉን በማፍረስ መብት ላይ ነው። ያወቁትን ጉድለት ሆን ብሎ መደበቅ ወንጀል መሆኑ ላይ ግን ልዩነት የለም። የሀገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭም «ኃላፊ አልሆንም» በሚል የውል ቃል እንዲከለል አይፈቅድለትም። ስለዚህ በመስጂድም በፍርድ ቤትም የሚያዋጣው «እንዳለ ነው» ከማለት አልፎ ምን እንዳለ መናገር ነው።

ቀሪውን ጥገና ሻጩ እንዲጨርስ መስማማት

በከፊል በታደሰ ማሽን ላይ እጅግ የተለመደው ስምምነት፣ «ግዛኝ፣ መከለያውንና ማስተካከያውን ሠርቼ አስረክብሃለሁ» የሚለው ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ሽያጭን ከሻጩ ሥራ ጋር አንድ ላይ ማሰር ችግር አለበት። ኢማም አን-ነወዊ ሻጩ ራሱ ሊሰፋው በሚል ቅድመ ሁኔታ የተገዛን ጨርቅ ለምሳሌ ጠቅሰው፣ ትክክለኛው አቋም ውሉ ውድቅ መሆኑ ነው ይላሉ። በሐንበሊይ መዝሀብ ሥራው የታወቀ ከሆነ አንድ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳል።

ከክርክሩ ለመውጣት ቀላሉ መንገድ ሁለቱን መለየት ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ዛሬ ባለበት ሁኔታ፣ ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ይሸጥ። ከዚያ ጥገናው ራሱን የቻለ የሥራ ውል ይሁን፤ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ ተለይቶ ይነገር። አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ሆኖ አይታሰር። ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ብዙ ጠብ የሚነሳው ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ጥገናው «የነገ ሳምንት» እየተባለ ሲጓተት ነው። ሥራው የራሱ ዋጋና ቀን ካለው፣ ገዢው ባይረካ ሌላ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማሠራት ይችላል።

«ይህን ያህል ፈጅቶብኛል»

ሻጭ በክርክር በሚሸጥበት ተራ ሽያጭ የገዛበትን ዋጋ የመናገር ግዴታ የለበትም። ለትርፍም ሸሪዓ በመቶኛ ጣሪያ አላበጀም። ዑርወቱል ባሪቂ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰጧቸው አንድ ዲናር ሁለት በጎች ገዝተው፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠው፣ በግና ዲናር ይዘው ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በንግዳቸው በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓእ ማድረጋቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

ነገር ግን ሻጩ «ይህን ያህል ወድቆብኛል» ብሎ በወጪው ላይ ተመሥርቶ ከሸጠ ነገሩ አማና ይሆናል። በሻፊዒይ ፊቅህ በዚህ ቃል ውስጥ ለሠራተኛ፣ ለጫኝና ለመለዋወጫ በትክክል የተከፈለው ይገባል፤ የሻጩ የራሱ ጉልበት ግን አይገባም። ማሽኑን ራሱ ለሁለት ወር ሲያጥብና ሲገጣጥም የቆየ ባለሙያ የድካሙን ዋጋ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ግን ለይቶ ይናገር፦ ለኩሽኔታና ለቺንጋ ይህን ያህል ከፈልኩ፣ የእኔ ሥራ ደግሞ ይህን ያህል ነው። ሁለቱን ደባልቆ «ፈጀብኝ» ማለት ገዢውን ያሳስታል።

ሙከራ፣ ቀብድ እና ጽሑፍ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በንግድ ሲታለል ለነበረ ሰው፣ ሲገበያይ ማታለል እንዳይኖር በቃል እንዲያስቀድም አስተምረውታል፤ በአንዳንድ ዘገባዎች የሦስት ቀን ምርጫም ተጠቅሷል። ከዚህ በመነሳት የሻፊዒይና የአቡ ሐኒፋ መዝሀቦች በስምምነት እስከ ሦስት ቀን የሚደርስ የምርጫ ጊዜ ይፈቅዳሉ፤ በሐንበሊዮች ዘንድ የታወቀ እስከሆነ ድረስ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ለማሽን ይህ ትልቅ በረከት ነው። ገዢው ደረቅና ጠንካራ እንጨት ይዞ መጥቶ ይሞክር፤ ቢያንስ ሞተሩ እስኪሞቅ ይሥራበት። ሙከራን የሚፈራ ሻጭ ራሱን ይጠይቅ።

ቀብድን በተመለከተ፣ ገዢው ቢተው ቀብዱ ለሻጩ እንዲቀር የሚደረገውን ስምምነት («ዑርቡን») ብዙኃኑ ፉቀሃእ አይፈቅዱትም፤ ሐንበሊዮች ይፈቅዳሉ። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ባሳለፈው ውሳኔ የመጠበቂያው ጊዜ ከተወሰነ ይፈቀዳል ብሏል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ቀብድ የሰጠው ቢያፈርስ ቀብዱን እንዲያጣ፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ይደነግጋል። ይህ የእጥፍ ክፍያ በሐንበሊዮቹ ዑርቡን ውስጥ የለም፤ ተዋዋዮች ይህን አውቀው አስቀድመው ቢነጋገሩበት ይበጃል።

ስለ መጻፍ ደግሞ በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ የመጣው ዕዳን እንድንጽፍ ሊያዘን ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና በአል-ዐድዳእ ኢብኑ ኻሊድ (ረ.ዐ) መካከል የተጻፈው የሽያጭ ሰነድ የተሸጠው ነገር በሽታም ሆነ ተንኮል የሌለበት መሆኑን ይመሰክር እንደነበር ቲርሚዚ ዘግበዋል። እኛ አንድ ገጽ ወረቀት ለመጻፍ የምንታክትበት ምክንያት የለም።

ጉድለቱ ከተሸጠ በኋላ ቢገኝ

ገዢው ወደ ሥራ ቤቱ ወስዶ ከሳምንት በኋላ ቀለሙ ሲላጥ ብየዳውን አየ እንበል። በሻፊዒይ መዝሀብ መብቱ አስቸኳይ ነው፦ እንዳወቀ በልማድ በሚቻለው ፍጥነት ማሳወቅና መመለስ አለበት። ዐይቡን ካወቀ በኋላ እየሠራበት ቢቆይ የመመለስ መብቱ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑን ያቁም፣ ከዚያ ይደውል።

ገዢው እሱ ጋ እያለ ማሽኑ ላይ ሌላ ጉድለት ከተፈጠረ፣ ለምሳሌ ሌላ ሞተር ለመግጠም አካሉን ከበሳው፣ ሻጩ ተገዶ እንዲረከብ አይደረግም። በዚህ ጊዜ መውጫው «አርሽ» የሚባለው የጉድለት ካሳ ነው። ስሌቱ ሲፈራረቅ ስለሚታይ በምሳሌ እናሳይ። ባለሙያዎች ማሽኑ ስንጥቅ ባይኖረው 200,000 ብር፣ ከእነስንጥቁ 160,000 ብር ያወጣል አሉ። ጉድለቱ ከዋጋው አንድ አምስተኛውን ወስዷል። የተሸጠው በ180,000 ብር ከሆነ የሚመለሰው የዚሁ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 36,000 ብር ነው። የሁለቱን ግምት ልዩነት 40,000 ብር በቀጥታ መመለስ ስህተት ነው።

ዘካውን አንርሳ

ለመሥሪያ የተያዘ ማሽን ዘካ የለበትም። አድሶ ለመሸጥ በኒያ የተገዛ ማሽን ግን የንግድ ዕቃ ነው። ሐውሉ ሲሞላ፣ ከሌላው የንግድ ንብረት ጋር ኒሷብ ከደረሰ፣ በዚያ ቀን በገበያ በሚያወጣው ዋጋ ተገምቶ 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ግምቱ ጥገናው ሲያልቅ ሊያወጣ በሚችለው ዋጋ ሳይሆን፣ በዕለቱ ባለበት የግማሽ ጥገና ሁኔታ ነው።

ሲሸጡ የሚነገሩት

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከላይ ያልነውን ወደ ሱቅ በር ስናወርደው የሽያጩ ወረቀት የሚከተሉትን ቢይዝ ሁለቱንም ወገን ያሳርፋል፦

– የተሠራው፦ ምን እንደተለወጠ፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ መለዋወጫ።

– ያልተሠራው፦ እያንዳንዱ ለብቻው፤ «አንዳንድ ነገር ይቀረዋል» በሚል ጥቅል ቃል ሳይታለፍ።

– የተበየደ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ፦ የቱ ጋ እንደሆነ።

– ሞተሩ፦ ተጠቅልሎ እንደሆነ፣ ሦስት ፌዝ ይፈልግ እንደሆነ፣ ሲሠራ ይግል እንደሆነ።

– አብረው የሚሸጡት፦ ላማ፣ መፍቻ፣ በካርቶን ያሉ ክፍሎች በቁጥር።

– የሙከራው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ።

መከለያውን በተመለከተ ግን ወረቀት ላይ «የለውም» ብሎ መጻፍ ብቻ የሚያረካን አይደለም። መጉዳትም ሆነ በጉዳት መበቀል የለም የሚለው ነቢያዊ መርህ ከዲናችን ታላላቅ መሠረቶች አንዱ ነው። ማሽኑ ዛሬ ለሥራ እንደሚውል እያወቅን ላማው ገላጣ ሆኖ መስጠት፣ ገዢው ቢስማማም እንኳ ጉዳቱ የሚደርሰው ስምምነቱን ባልሰማው ተቀጣሪ ልጅ ላይ ሊሆን ይችላል። መከለያ ከቆርቆሮና ከማጠፊያ የሚሠራ ነገር ነው፤ ወጪው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ከመሸጡ በፊት የሚጠገን አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን፣ ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ከገለጹ በሽያጫቸው በረካ ይደረግላቸዋል፤ ከደበቁና ከዋሹ ግን የሽያጫቸው በረካ ይጠፋል። ስንጥቁን ያሳየ ሻጭ ምናልባት ዛሬ ጥቂት ሺህ ብር ይቀንስበት ይሆናል። የዋሢላን ምክር የሰማው ገዢም 100 ዲርሃም ተቀንሶለታል።

አላህ ገበያችንን ሐላል፣ ሪዝቃችንን በረካ ያለበት ያድርግልን፤ በማሽን ላይ የሚውሉ እጆችንም ይጠብቅልን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።